ወንበር ለሌለው ሙዚየም የቀረበ ይቅርታ

ይድረስ ለክቡር የእጅ ሙያ ሙዚየም ዋና ዳይሬክተር
ካሉበት

ጉዳዩ፦ በታዘዝኩት መሠረት በአደባባይ ይቅርታ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ ምክትልዎ፣ ጸሐፊዎ፣ አማካሪዎችዎም ሁሉ እንደምን አሉ? ከሽልማቱ ዕለት ወዲህ እንቅልፍ በዐይንዎ እንዳልዞረ ለጋዜጠኞች የሰጡትን ቃል አንብቤ ከልብ አስቤልዎታለሁ። ከእርስዎ ቤት የሸሸው እንቅልፍ ወደ እኔ ሳይመጣ አልቀረም መሰለኝ፣ እኔን ከዚያን ዕለት ጀምሮ ጭልጥ አድርጎ እየወሰደኝ ነው።

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ በጸሐፊዎ በኩል የላኩልኝ ደብዳቤ በእጄ ገብቷል። ደብዳቤው በሙዚየሙ የሽልማት ግምገማ ዕለት «ሆን ብዬ በክቡራን እንግዶች ላይ ላደረስኩት እንግልት» በጽሑፍ ይቅርታ እንድጠይቅ፣ ይህን እስካደርግ ድረስም ወደ ሙዚየሙ ዝር እንዳልል ያዛል። እኔ ትእዛዝ የማከብር ሰው ነኝ። የሥራ ዘመኔን በሙሉ በሸሚዝ ፋብሪካ በካውያ ክፍል ልብስ ስተኩስ የኖርኩ ጡረተኛ ስሆን፣ አለቃ ድገሚው ያለኝን ሸሚዝ ሳልደግም የቀረሁበት ቀን የለም። ነገር ግን በጓዳ የሚቀርብ ይቅርታ ለእርስዎ ዓይነት ታላቅ ሰው ያንሳል ብዬ ስለሰጋሁ፣ የከተማው ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ ደብዳቤ አቅርቤዋለሁ፤ በዚህም ቅር እንደማይሰኙብኝ ተስፋ አለኝ።

ይቅርታዬ ሙሉ እንዲሆን ነገሩን ከሥሩ ማንሳት ግድ ይለኛል፤ ሥራ እንደሚበዛብዎት ስለማውቅ ግን እባክዎ ተቀምጠው ያንብቡት። እርስዎ ወንበር አለዎት።

ታላቅ እህቴ፣ እትዬ እያልኩ የምጠራት፣ በዚያው ፋብሪካ ሸሚዝ ሰፊ ነበረች። ባለቤቷ ጋሼ ደግሞ ጨርቅ ቆራጭ ነበሩ። የተዋወቁት በእሳቸው የመቁረጫ ጠረጴዛ አጠገብ ነው። እትዬ የተቆረጠ እጅጌ ልትወስድ ስትመጣ፣ ጋሼ የግራውን ብቻ እየሰጡ ይሸኟታል፤ የስፌት መኪናዋ ጋ ደርሳ ቀኙ እንደሌለ ስታይ እየተነጫነጨች ትመለሳለች፣ እሳቸውም «ውይ፣ ረስቼው» ብለው ቀኙን ያወጡላታል። ይህን ጨዋታ ካውያ ክፍል ያለነው ሁሉ እናውቀው ነበር፤ የማታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ስታውቅ ተጋቡ።

ፋብሪካው ሲዘጋ ጠረጴዛውን የእርስዎ ሙዚየም ወሰደው፣ ስለዚህም በዚያ ጊዜ ለነበሩት ኃላፊ ምስጋና ይድረሳቸው። ጋሼ ከሞቱ በኋላ እትዬ ከቤት መውጣት እርግፍ አድርጋ ተወች። ዘመድ ቢጠራት፣ ጎረቤት ቢለምናት፣ እኔ ብቆጣት «ነገ» ነው መልሷ። ከዚያ ቤት ያወጣት አንድ ነገር ቢኖር ሙዚየሙ ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ጫማዋን አድርጋ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ እኔ እስክደርስ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

ያን ጊዜ ሙዚየሙ፣ በአማካሪዎችዎ አነጋገር፣ «የመማረክ አቅም የሌለው» ነበር። በሩ ከመንገዱ እኩል ነው፤ ዘበኛው «ገባ በሉ እናቴ፣ ብርድ ላይ አይቁሙ» ይላል። ጠረጴዛው በትልቅ መስኮት ሥር ነው፤ ከፊት ለፊቱ ጀርባው የተላላጠ አግዳሚ ወንበር አለ። በመስኮቱ የግቢው ዛፍ ይታያል፣ መጸዳጃ ቤቱም እዚያው ጎን ነው። እትዬ አግዳሚው ላይ ትቀመጥና ከጎኗ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ትተዋለች፤ እኔ ያንን ቦታ አልፌ ጫፉ ላይ ነበር የምቀመጠው። ብርሃኑ በጠረጴዛው ላይ ሲያዘቀዝቅ የጋሼ ቢላ የቧጠጠው ሁሉ ፍንትው ብሎ ይወጣል። «ያቺ ጥግ ላይ ያለችው ጥልቅ ጭረት ሲናደድ የቆረጣት ናት፤ የሱሪ ጨርቅ አምጥተውበት» ትለኛለች። እውነቱን ለመናገር እኔ ይሰለቸኝ ነበር። ጠረጴዛ ጠረጴዛ ነው። እሷ ግን ከዚያ ስትወጣ ፊቷ ይፈታል፣ የመንገዱን ሰው ታማለች፣ ቤት ስንደርስ ይርባታል።

ከዚያ እርስዎ ተሾሙ። ሙዚየሙ ለእድሳት ተዘጋ፣ ታድሶም ተከፈተ፤ ባደረጉልን ነገር ሁሉ የሚሰማኝን ምስጋና በቅደም ተከተል ላቅርብ።

፩ኛ፦ ስለ ደረጃው። የድሮው በር ሰው ሳያስበው ሰተት ብሎ የሚገባበት ስለነበር ክብር የጎደለው ነበር። እርስዎ ግን በሩን አስደፍነው ከፎቁ ፊት ሰፊ የእብነ በረድ ደረጃ አሠርተውልናል። ደረጃው «ጎብኚውን ከዕለት ኑሮው ከፍ ያደርገዋል» ማለትዎን አንብቤያለሁ። እትዬን ግን ከመጀመሪያው እርከን በላይ ብቻውን ከፍ ሊያደርጋት ስላልቻለ፣ እኔ ከኋላ እየደገፍኳት፣ እሷ የእጅ መደገፊያውን ይዛ፣ መደገፊያውም ለዐይን እንዲያምር ተብሎ ከሰው እጅ ዝቅ ብሎ የተሠራ በመሆኑ እየጎበጠች ወጥታለች። ከፍ ለማለት መጎንበስ እንደሚያስፈልግ ስላስተማሩን እናመሰግናለን።

፪ኛ፦ ስለ መግቢያው። ወደ ሥራ ታሪካችን የሚወስደው መንገድ በሱቅ ውስጥ እንዲያልፍ፣ የሚመልሰውም እንዲሁ በዚያው ሱቅ እንዲያልፍ ማድረግዎ የአርቆ አሳቢነትዎ ምልክት ነው። የሸሚዝ ቅርጽ ያለው የቁልፍ መያዣና የካውያ ሥዕል ያለበት ስኒ አይተናል። እትዬ በዕቃው መሃል ቆማ «ተሳስተን ገበያ ገባን እንዴ?» ስትለኝ፣ አልተሳሳትንም ብዬ ለማሳመን ብዙ ደክሜያለሁ።

፫ኛ፦ ስለ ብርሃኑ። መስኮቱን በጥቁር ሰሌዳ ስላስለበጡት፣ አዳራሹንም እንደ ጓዳ ስላጨለሙት እናመሰግናለን። ከጣሪያው የሚወርደው አንድ ቀጭን መብራት ጠረጴዛውን መሃል መሃሉን ብቻ ስለሚያሳይ፣ ጋሼ ሲናደዱ የቆረጧት ጥግ ዛሬ አትታይም። ለነገሩ ገላጭ ጽሑፉም አይታይም፤ በግራጫ ላይ በግራጫ ተጽፏል።

፬ኛ፦ ስለ ድምፁ። ግድግዳ ውስጥ በተቀበሩ ድምፅ ማጉያዎች የልብስ ስፌት መኪና ጩኸት ሳያቋርጥ እንዲሰማ አድርገዋል። ከዚያ ጩኸት ለመገላገል ጡረታ እስክንወጣ የጠበቅን ሴቶች መሆናችንን ማን እንደነገረዎት አላውቅም፤ ጎብኚው «በስሜት እንዲጠልቅ» ነው ተብሏል። ጠልቀናል።

፭ኛ፦ ስለ ቅዝቃዜው። ለዕቃዎቹ ደህንነት ነው ተብሏል። ዕቃዎቹ ደህና ናቸው።

፮ኛ፦ ስለ መጸዳጃ ቤቱ። ወደ ሻይ ቤቱ ጀርባ ተዛውሮ ለሻይ ቤቱ ደንበኞች ብቻ ሆኗል። እኛም ፈቃድ ለማግኘት ስንል አስቀድመን ሁለት ሁለት ስኒ ሻይ ጠጥተናል፤ ይህ አሠራር ችግሩን እንዴት እንደሚያቃልል ግን እስካሁን አልገባኝም።

፯ኛ፦ ስለ አግዳሚው። እዚህ ላይ ቁጥሬን ላቁም፣ የሚቆጠር ነገር ስላልሆነ።

አግዳሚው የት ሄደ ብዬ አዳራሹን ያቀደችውን ዲዛይነር ጠይቄያት ነበር። ትሑት ልጅ ናት፤ በትዕግሥት አስረዳችኝ። የተቀመጠ ጎብኚ እንደማይንቀሳቀስ፣ የማይንቀሳቀስ ጎብኚም ሱቁ ጋ እንደማይደርስ በጥናት ተረጋግጧል አለችኝ። «ደግሞም አዳራሹ መተንፈስ አለበት» አለች። ከጎኔ እትዬ ከደረጃው የተረፋትን ትንፋሽ እየሰበሰበች ነበር። አዳራሹ ግን በደንብ እየተነፈሰ ነበር፣ ያለ ሐሰት እመሰክራለሁ።

በዚያ ቀን ቆመን አይተን ቶሎ ወጣን። በሚቀጥለው ማክሰኞ ግን እትዬ ጠረጴዛውን እያየች ብዙ ቆየች። ጥጓን ፈልጋ ነው። እንሂድ ስላት «ትንሽ ቆዪ» አለችኝ፣ ከዚያም ጉልበቷ ከዳትና ጠረጴዛው የቆመበት ነጭ መደብ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መደቡ ሲነካ የሚጮህ ደወል እንዳለው አናውቅም ነበር። ደወሉ አዳራሹን አናጋው። ጥበቃው እየሮጠ መጣና «እናቴ ይነሱ፣ እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው፤ ለማንም ጎብኚ የወጣ ሕግ ነው» አላት። መነሳቱን ፈልጋው ነበር፣ አልቻለችም። ጥበቃው በአንድ ክንዷ እኔ በሌላው ይዘን ስናነሳት ነጠላዋ ወደቀ። ለጉብኝት የመጡ ተማሪዎች ዙሪያውን ቆመው ይስቁ ነበር፤ በልጆቹ አልፈርድም፣ ደወል ሲጮህና አሮጊት ስትነሳ አብረው ሲያዩ ይስቃሉ። ደወሉ እስከ ሱቁ ድረስ ተከተለን።

መንገድ ላይ አላለቀሰችም። «እሱ ቢያየኝ ያፍርብኝ ነበር» ብቻ አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜ ደግመው እንዲያነቡት በትሕትና እለምናለሁ። ይህች ሴት ለዚያ ሰው ቀኙን እጅጌ ልትወስድ ስትመላለስ የኖረች ናት።

ከዚያን ቀን ወዲህ አልወጣችም። ማክሰኞ ስመጣ ጫማዋን አድርጋ አገኛታለሁ፤ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጥቂት ታስብና ታወልቀዋለች። ቀድሞ የምታማውን ሰው አታማም። ምግብ ስሰጣት «ቆይቶ» ትላለች። አቤቱታ ጽፌልዎት ነበር፤ አስተያየቴ ለሙዚየሙ እጅግ ውድ መሆኑን፣ ወደፊትም በመውጫው በር ላይ ከተደረደሩት የሳቀና ያዘነ ፊት ቁልፎች አንዱን በመጫን ስሜቴን እንድገልጽ የሚጋብዝ መልስ ደርሶኛል። ለዚህ ምላሽዎ አመሰግናለሁ። ያዘነው ፊት ግን ቢጫኑትም አይሠራም፣ ተበላሽቷል፤ የሳቀው ይሠራል።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ሙዚየሙ ለጎብኚ ታማኝነት ሽልማት መታጨቱን የሰማነው ከእርስዎው ቢሮ በተደወለ ስልክ ነው። ኮምፒውተራችሁ የጎብኚዎችን ካርድ ሲያገላብጥ ከእትዬ የበለጠ የተመላለሰ ሰው አላገኘም። ስለዚህም የዓመቱ ታማኝ ጎብኚ ተብላለች፣ ዳኞቹ በተገኙበት የምስክር ወረቀት ትቀበላለች፣ እንኳን ደስ ያላት ተባለ። ኮምፒውተሩ የተመላለሰችበትን ቆጥሯል፤ የቀረችበትን የሚቆጥርበት ቦታ አልተሠራለትም። የሚኮሩበት ታማኝነት ላፈረሱት ሙዚየም የተሰጠ ታማኝነት እንደነበር፣ ሰውም ለጥቁር ግድግዳና ለቀጭን መብራት ሳይሆን ለመስኮት፣ «ገባ በሉ» ለሚል ዘበኛና ለተላላጠ አግዳሚ እንደሚታመን ያኔ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር። አልነገርኩም፣ ይህ የመጀመሪያው ጥፋቴ ነው።

እትዬ ስልኩን ስነግራት «በዚያ ደረጃ ማን ይወጣል? አንቺ ሂጂልኝ» አለች። ቀጥላም «ጠረጴዛውን እዪልኝ» አለችኝ።

ብቻዬን አልሄድኩም። ኮሌታንና እጅጌን ይዤ ሄድኩ። ስማቸው አይደለም፤ በካውያ ክፍል አንዷ ኮሌታ፣ አንዷ እጅጌ ስለምትተኩስ ከሠላሳ ዓመት በላይ የምንጠራራበት ነው። የእኔ ደረት ነበር፣ ግን ደረት ብሎ የሚጠራኝ አልነበረም። ሦስታችንም ደረጃውን በየአቅማችን ወጣን፣ ሱቁን አለፍን፣ ጨለማው ውስጥ ገብተን ቆምን። ሦስቱ ዳኞች፣ ምክትልዎ፣ ዲዛይነሯና ጋዜጠኞቹም እንደኛው ቆመው ነበር፤ መስተንግዶው የቆመ መስተንግዶ ነው ተባልን። እርስዎ ስለ ታማኝነት ረጅም ንግግር አደረጉ፣ ዲዛይነሯ ስለ መተንፈስ ተናገረች፣ አንደኛዋ ዳኛ ጥያቄ ጠየቀች፣ ከዚያ ወረቀቱን ሰጥተውኝ ድምፅ ማጉያውን አቀበሉኝና «በሁለት ቃል» አሉኝ።

ሁለት ቃል ነበር ያሉኝ፣ አልክድም።

ክቡር ሆይ፣ ልብስ የሚተኩስ ሰው የሚታወቀው በመቆም ነው። ካውያ ተቀምጦ አይያዝም። ክብደትን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማሻገር፣ ተረከዝን ከጫማ ግማሽ ማውጣት፣ ጉልበትን ሳያቆላልፉ ማላላት፣ ይህን ሁሉ ከልጅነታችን ጀምረን ተምረነዋል፤ ዛሬም እግራችን አልረሳውም። እጅጌ በሥራ ዘመኗ ሁሉ አንድ ቀን ብቻ ነው ስትቀመጥ የታየችው፣ እሱም ምጥ ይዟት ነው። ስለዚህ ድምፅ ማጉያውን ስይዝ የምናሸንፍበት ነገር በእጄ እንደገባ ገባኝ። ኮሌታን ቀና ብዬ አየኋት፤ ተረከዟን ከጫማዋ አውጥታ ነበር።

ስለዚህ ማመስገን ጀመርኩ። ደረጃውን አመሰገንኩ፣ እርከን በእርከን። የእጅ መደገፊያውን አመሰገንኩ። ሱቁን፣ የቁልፍ መያዣውን፣ ስኒውን አመሰገንኩ። የፋብሪካውን ታሪክ ከመሠረቱ አወራሁ፤ የመጀመሪያውን ካውያ፣ ሁለተኛውን ካውያ፣ በመሃል የተበላሸውን ካውያ። ደጋግመው ጉሮሮዎን ሲጠርጉ ሰምቻለሁ፤ ያሳለዎት መስሎኝ ለጤናዎም ምኞቴን ገለጽኩ። ሰው ሲያመሰግን ማቋረጥ ነውር በመሆኑ ማንም አላቋረጠኝም፤ ለዚህ ጨዋነትዎ ዛሬም አመሰግናለሁ።

ከዳኞቹ አንዱ ሽማግሌ ነበሩ፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ጫማቸው አዲስ። ዐይኔን ከእሳቸው ላይ አላነሳሁም። መጀመሪያ ወደ ግራ ዘመም አሉ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። ግድግዳውን ፈለጉ፤ ግድግዳው ላይ «እባክዎን አይደገፉ» ይላል። ወደ መውጫው አዩ፣ ሰው ቆሞበታል። በመጨረሻ ነጩን መደብ አዩት። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፣ በእህቴ ፊት ላይ አይቼዋለሁ። ሰው ያንን ሲያስብ ፊቱ እንደ ሕፃን ይሆናል። እዚያ ላይ ንግግሬን ልገታ እችል ነበር። አልገታሁም፣ ቅዝቃዜውን ማመስገን ጀመርኩ።

ተቀመጡ።

ደወሉ ጮኸ። ጥበቃው፣ ያው ጥበቃ፣ እየሮጠ መጣና «አባቴ ይነሱ፣ እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው፤ ለማንም ጎብኚ የወጣ ሕግ ነው» አላቸው። ስለ ጥበቃው አንድ ነገር ልለምንዎ እወዳለሁ፦ እባክዎ አይቅጡት፤ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሰውን ሁሉ እኩል ያየ እሱ ብቻ ነው። ሽማግሌው ሊነሱ ሞከሩ፣ አልቻሉም። እርስዎ እንደዚያ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። በአንዱ ብብታቸው እርስዎ፣ በሌላው ምክትልዎ ገብታችሁ አነሳችኋቸው፤ ደወሉን የሚያጠፋው ሰው ሱቁ ውስጥ ስለነበር ጩኸቱ አልቆመም፣ ጋዜጠኞቹም ሥራቸውን ይሠሩ ነበር። እኔ ደወሉ እስኪያልቅ በትሕትና ጠበቅሁ። ከዚያ «በመጨረሻም» ብዬ ቀጠልኩ።

ሽልማቱ ወደ ሌላ ሙዚየም ሄዷል፤ እርስዎም ለጋዜጣው «የጥቂት ቂመኛ ግለሰቦች ሤራ» ብለዋል። ጥቂት በማለትዎ አልስማማም፣ በቂመኛው ግን አልከራከርዎትም። ቂም ይዤ ነበር። ያን ዕለት ደወሉ ሲጮህና የእርስዎን ፊት ሳይ የተሰማኝ ደስታ ነበር፣ ንጹሕ ደስታ፣ ልጄን ስድር እንኳ እንደዚያ አልተደሰትኩም። ለእኚያ ሽማግሌ አባት ግን ከልቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የእሳቸውን ጉልበት ለእኔ ነገር መዋጊያ አድርጌዋለሁ፣ እሳቸውም እንደ እትዬ በሰው ፊት ተዋርደዋል። በደብዳቤዎ ያዘዙኝ ይቅርታ ይህ ከሆነ ተፈጽሟል። ሌላ ካለ እባክዎ ለማን እንደሆነ ይግለጹልኝ።

ቤት ስመለስ ለእትዬ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። «ጠረጴዛው ላይ ነው የተቀመጠው?» አለችኝ። አይ፣ መደቡ ላይ ነው አልኳት። «እንኳንም» አለች። ከዚያም «ማን አነሳው?» ብላ ጠየቀችኝ። ዳይሬክተሩ ናቸው፣ ራሳቸው፣ ሮጠው አልኳት። እህቴ አንገቷን ደፍታ እጆቿን አየች።

«እኔን ሲያነሱኝ ጊዜ የት ነበር?» አለች።

ይህን ጥያቄ እኔ መመለስ ስላልቻልኩ ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፌያለሁ፤ መልሱን በአድራሻዋ እንዲልኩላት እጠይቃለሁ። አስተያየቷ ውድ ነው ከሚለው ሌላ መልስ ቢሆን እንመርጣለን።

በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ፣ ይቅርታ ከጠየቅሁ ለእህቴ የሚታጠፍ ወንበር ጥበቃው ዘንድ እንደሚቀመጥላት፣ ከአንድ ቀን በፊት ስልክ ስትደውልም እንደሚወጣላት ቃል ገብተዋል። ነገርኳት። የአንድ ሰው ወንበር ከሆነ አልፈልግም አለች፣ ከጎኗ ቦታ ስለሚያስፈልጋት። ምክንያቱን ለእርስዎ ማስረዳት ትርፉ ድካም ስለሆነ ትቼዋለሁ። የሰጡን የምስክር ወረቀት ግን ጠንካራ ሆኖ ስላገኘችው አራት አጥፋ፣ ጓዳ ውስጥ የሚወዛወዘው ወንበሯ እግር ሥር አድርጋዋለች፤ ወንበሩ ዛሬ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ሙዚየሙ በዚህ ዓመት ለእህቴ የመቀመጫ ድጋፍ አበርክቷል ብለው በሪፖርትዎ ቢያካትቱት አንቃወምም።

እኔ በተከለከልኩበት ጸንቼ ወደ ግቢዎ አልደርስም። ይሁን እንጂ ፋብሪካው ሲዘጋ ካውያ ክፍል ብቻ አንድ አዳራሽ የምንሞላ ሴቶች ነበርን፣ አብዛኞቻችንም አለን። ክልከላው እኔን ብቻ የሚመለከት መሆኑን በስልክ ሳስረዳቸው ደስ ብሏቸዋል። ከሚመጣው ማክሰኞ ጀምሮ ተራ በተራ ይመጣሉ። ምንም አይነኩም፣ አይደገፉም፣ አይቀመጡም። ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ቆመው ጥጓን ይፈልጋሉ። ባለሥልጣን በመጣ ቁጥር፣ ካሜራ በተከፈተ ቁጥር፣ እርስዎ ስለ ታማኝነት በተናገሩ ቁጥር እዚያው ቆመው ያዳምጡዎታል፤ ድምፅ ማጉያ የሚያቀብላቸው ከተገኘም ሁሉም የሚያመሰግኑት ነገር አላቸው። አግዳሚው በቦታው እስኪመለስ፣ መስኮቱም እስኪከፈት ድረስ ታማኝነታቸው አይጓደልብዎትም።

ውድ ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ያልሰጡኝንም ስለወሰድኩ እያመሰገንኩ፣ ሥራዎ ሁሉ እንደ ደረጃዎ ረጅም፣ ስምዎም እንደ አዳራሽዎ መብራት የደመቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

ከማይታጠፍ አክብሮት ጋር፣
የቀድሞዋ የሸሚዝ ደረት ተኳሽ
(በአሁኑ ጊዜ ወደ ሙዚየሙ እንዳትደርስ የተከለከለች)

ግልባጭ፦
ለሽማግሌው ዳኛ፣ ከእውነተኛ ይቅርታ ጋር
ለጥበቃው፣ ከምስጋና ጋር
ለእትዬ፣ ጮክ ብዬ የማነብላት

ማስታወሻ፦ ኮሌታ ይህን ደብዳቤ አንብባ ርግማን ይጎድለዋል አለችኝ። እኔ ግን ጨዋ ያሳደገኝ ሰው ነኝና ማንንም አልረግምም። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ፣ እጅግ በጣም ረጅም። ስለ ጉልበትዎ ግን የምመኘው ነገር የለኝም።